እኒያ አስተማሪዎች ከየት መጡ? የኬራላ ሕዝቦችና የመንገድ ትግላቸው

(አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወርሃዊ የውይይት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ተገልብጧል። የተቆረጠው ሳሉና መብራት የጠፋበት ጊዜ ብቻ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ!

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ ኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ ግዴላችሁም፣ አልናከስም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስትማሩ ህንዳዊ አስተማሪ የነበራችሁ እጃችሁን አውጡልኝ። … አያችሁ? ፀጉራችን የነጣው ሁላችንም አወጣን። ወጣቶቹ ደግሞ ዞር ዞር እያላችሁ ታዩናላችሁ።

እኔ ፊዚክስ የተማርኩት ከህንዳዊ ነው። ሂሳብም እንደዚያው፣ እንግሊዝኛም እንደዚያው። አንዱ ሚስተር ቶማስ፣ አንዱ ሚስተር ጆርጅ፣ አንዷ ሚስ አና ይባሉ ነበር። እኛ ሲኒማ ቤት የምናውቃቸው ህንዶች ስማቸው ራጅ ነው፣ ቪጃይ ነው። «ህንድ እንዴት ቶማስ ይባላል?» ብለን ስንከራከር አንድ ጓደኛችን «እዚህ መጥተው ነው ክርስትና የተነሱት» ብሎ ይምል ነበር። የክርስትና አባታቸው ማን እንደሆነ ሁሉ ነግሮናል!

ጥያቄው ግን የልጅ ጥያቄ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ያን በሚያህል አገር ውስጥ አስተማሪው የሚመጣልን ለምን ከአንዲት ጥግ ሆነ? አብዛኞቹ ኬራላ ከምትባል አንዲት ክፍለ ግዛት ነው የመጡት። በኋላ ዕድል ቀንቶኝ ለሁለተኛ ዲግሪ እዚያው ኬራላ፣ ኮቺ ከተማ ሄድኩና ያንን የልጅነት ጥያቄ በእግሬ ተከተልኩት።

ዛሬ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ኬራላ ውስጥ እነማን እንደሚኖሩ። ሁለተኛ፣ እንዴት ሲናናቁ እንደኖሩና ያንን ንቀት ማን እንደገፋው። ሦስተኛ፣ ከድግሱ ማን እንደቀረ። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እሺ፣ አንደኛ።

ኬራላ የህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ናት። በአንድ ወገን የአረቢያ ባሕር፣ በሌላው ወገን የምዕራብ ጋትስ ተራሮች። መሐል ላይ ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ውሃ የጠገበ መሬት። ስፋቷ 38,863 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሃያ ስምንት ኬራላ ይገባል ማለት ነው። በ2011 ሲቆጠር ግን በዚያች ስንጥር መሬት ላይ 33.4 ሚሊዮን ሰው ይኖር ነበር። ትራቫንኮርና ኮቺን የሚባሉት የነገሥታት ግዛቶች ሰሜን ካለው ከማላባር ጋር ተቀላቅለው ኬራላ የሚል ስም የያዙት በኖቬምበር 1፣ 1956 ነው። ያሰባሰባቸው ማላያላም የሚባለው ቋንቋቸው ነው። ሕዝቡም ማላያሊ ይባላል።

አሁን ሃይማኖቱን ስሙ። ከመቶው ሰው 55 ያህሉ ሂንዱ፣ 27 ያህሉ ሙስሊም፣ 18 ያህሉ ክርስቲያን ነው። በመላው ህንድ ክርስቲያኑ ከመቶ 2.3 ብቻ ነው። ስለዚህ ኬራላ የአገሯ አምሳያ አይደለችም። ለምን እንዲህ ሆነ?

በርበሬ! የኛን በርበሬ አይደለም የምላችሁ፤ ቁንዶ በርበሬውን ነው። ቁንዶ በርበሬ የዚያ ተራራ ልጅ ነው። ሮማውያን ወርቃቸውን ያፈሱበት፣ አረቦች በንፋስ ወቅት የተመላለሱበት፣ ቻይናዎች የመጡበት፣ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ካሊኬት ያረፈበት ምክንያት እሱ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የግሪክኛ የመርከበኞች መመሪያ የኛን አዱሊስንም የኬራላን ወደብ ሙዚሪስንም ይጠቅሳል። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ አንድ የባሕር መስመር ላይ ነበርን።

ነጋዴ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ዕቃውም ሃይማኖት ይከተለዋል። የኬራላ ክርስቲያኖች ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓ.ም. ሙዚሪስ አካባቢ ከመርከብ ወረደ ብለው ያምናሉ። ወግ ነው፣ ታሪክ ነው የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወው። ሚስተር ቶማስ ስማቸውን ያገኙት ግን ከዚያ ነው። ጓደኛዬ በከንቱ ነው የማለው!

እነዚህ ክርስቲያኖች ቅዳሴያቸው የሱርስት ነበር። በ1599 ፖርቱጋሎች ጉባኤ ጠርተው መጻሕፍታቸውን አቃጠሉ፣ ለሮም ተገዙ አሏቸው። በ1653 ሕዝቡ ኮቺ ውስጥ ማታንቸሪ ላይ ተሰብስቦ «ለኢየሱሳውያን አንገዛም» ብሎ ማለ፤ ጄስዊት የሚባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮኖች ማለታቸው ነው። መሐላው መስቀል ተይዞ ነው። ሰው በዛ፣ መስቀሉ አልደርስ አለ። ምን አደረጉ? መስቀሉ ላይ ረጅም ገመድ አሰሩና ገመዱን ይዘው ማሉ። መስቀሉ ከክብደቱ ጎብጧል ይባላል። እስከ ዛሬ «የጎባጣው መስቀል መሐላ» ይሉታል።

ከዚያ በኋላ አንድ ሆነው ቀሩ? የት አባቱ! ካቶሊኩ ብቻ ሦስት ዓይነት ሥርዓት አለው። ኦርቶዶክሱና ያዕቆባዊው በአብያተ ክርስቲያናት ይዞታ ስንት ዘመን ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ፈርዶም ጭቅጭቁ አልበረደም። ማርቶማ የሚባሉ ተሐድሶ የወሰዱም አሉ። ከኦርቶዶክሱ ጋር ግን እኛ ቅርብ ነን። በ1965 ጃንሆይ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን አባቶች አዲስ አበባ ሲሰበስቡ የማላንካራው፣ የዚያው የኬራላ ኦርቶዶክስ ማለት ነው፣ ካቶሊኮስም፣ ዋናው አባታቸው፣ መጥተው ነበር። ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ የሚባሉት ትልቁ ሊቃቸውም ጳጳስ ሳይሆኑ በፊት፣ በ1947፣ ወደ አገራችን የመጡት በአስተማሪነት ነው። አማርኛ ለምደው ኋላ በቤተ መንግሥት አገልግለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ልጨምር። ኮቺ እንደገባሁ የሚከራይ ክፍል ስፈልግ አንድ ባለቤት ፊቴን አይቶ «ተይዟል» አለኝ። ማስታወቂያው በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው! ሁለተኛዋ ግን አንዲት አሮጊት ናቸው። «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነህ?» አሉኝ። ኦርቶዶክስ፣ አልኩ። «ረቡዕና ዓርብ ትጾማለህ?» አዎ። «የኃይለ ሥላሴ አገር ልጅ!» ብለው ልጃቸውን ጠሩ። በዚያው ቀን ገባሁ። በእነሱ ቤት እናትን «አማቺ» ይላሉ፤ እኔም አማቺ ማለት ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት አፓም ይሰጡኛል። አፓም ከሩዝ ሊጥ የሚቦካ፣ ዳሩ የሳሳ መሐሉ የወፈረ ቂጣ ነው፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትጎርሱት ትንሽ እንጀራ ይመስላችኋል። የአማቺን ነገር አትርሱብኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሙስሊሞቹ ማፒላ ይባላሉ። በብዛት ያሉት ሰሜን፣ ማላባር ውስጥ ነው። ቼራማን ፔሩማል የሚባል ንጉሥ ጨረቃ ስትሰነጠቅ አየና ወደ መካ ሄደ፣ ሰለመ፣ ሲመለስም መንገድ ላይ አረፈ የሚል ወግ አላቸው። ኮዱንጋሉር ያለው መስጊድ በስሙ ይጠራል፤ የተሠራውም በ629 ነው ይላሉ። የድሮ መስጊዶቻቸውን ብታዩ መስጊድ አትሏቸውም። ሚናራ የላቸውም። በእንጨት የተዋቀሩ፣ ጣሪያቸው የተደራረበ፣ የሰፈሩን ቤተ መቅደስ የሚመስሉ ናቸው። ለምን? የሠራቸው ያው የሰፈሩ አናጢ ነዋ! ካኑር ውስጥ ደግሞ አራካል የሚባል የሙስሊም ንጉሣዊ ቤት ነበር። ሥልጣኑ ለቤቱ ታላቅ ይተላለፋል፣ ሴትም ብትሆን። ሴት ከሆነች «ቢቪ» ተብላ ትገዛለች።

አይሁዶችም ነበሩ። ማታንቸሪ የሚገኘው ምኩራብ በ1568 የተሠራ ነው። ወለሉ ከቻይና የመጣ፣ በእጅ የተቀባ ሰማያዊና ነጭ ሸክላ ነው። ጫማ አውልቃችሁ ነው የምትረግጡት። ከሺህ ዓመት በፊት ንጉሡ በመዳብ ሰሌዳ ላይ መብት ጽፎ ሰጥቷቸዋል፤ ሰው በሚሸከመው አልጋ መሄድና ጥላ መያዝ ሁሉ ተፈቅዶላቸዋል። እንዲህ ተከብረው እንኳን እርስ በርሳቸው ይናናቁ ነበር። «ነጭ» የሚባሉት የባሪያ ዘር ነው ያሉትን ወገናቸውን ምኩራቡ ውስጥ እኩል አላስቀምጥም አሉ። ኤ. ቢ. ሳሌም የሚባል ጠበቃ ከእነዚያ ከተገፉት ወገን ተነስቶ እዚያው ምኩራብ ውስጥ በሰላማዊ እምቢታ ታገላቸው። «የአይሁድ ጋንዲ» የሚል ስም ወጥቶለታል። በ1950ዎቹ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ቤርሳቤህ ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው፣ እዚያው አጠገባቸው ኔቫቲም የሚባል የኮቺን አይሁዶች መንደር አለ። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ከሰሜን ጎንደር ሄደው፣ እነሱ ከኬራላ ሄደው፣ አንድ ገበያ ይገበያያሉ።

አንደኛውን እዚህ ላይ ልዝጋው። ኮንካኒዎች አሉ፣ የጉጃራት ነጋዴዎች አሉ፣ ሙናር ሻይ ተክል ውስጥ የታሚል ለቃሚዎች አሉ። ሁሉን ብዘረዝር እዚሁ እናድራለን።

ሁለተኛ። አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ።

እስካሁን ያልኩት ለቱሪስት የሚነገረው ነው። ቤተ መቅደሱ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን! ፎቶ አንሱ! እውነት ነው፣ ጎን ለጎን ናቸው። ግን በ1892 ስዋሚ ቪቬካናንዳ የሚባሉት የሂንዱ መነኩሴ በዚያ ሲያልፉ ያዩትን አይተው «ይህ አገር የእብዶች ሆስፒታል ነው» አሉ። ምን አይተው ነው?

እርቀትን አይተው ነው። ከላይ ናምቡድሪ የሚባሉት ካህናት አሉ። ከሥር ናያር የሚባሉት ተዋጊዎችና ባለ ርስቶች። ከሥር ኢዝሃቫ፣ ዘንባባ የሚቀጥፉት። ከሁሉ ሥር ፑላያ የሚባሉት የሩዝ ማሳ ባሮች። ናያር ወደ ናምቡድሪ መቅረብ ይችላል፣ መንካት አይችልም። ኢዝሃቫው ይህን ያህል እርምጃ መራቅ አለበት። ፑላያው የዚያን እጥፍ። ልብ በሉልኝ፣ በእርምጃ የሚለካ ሰው! ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መለካቱ ግን የትም አይቀርም ነበር። ሌላው አገር «አትንካኝ» ይላል። እዚህ «አትቅረበኝ» ነው። በአንዳንድ ቦታ «አትታየኝ» ሁሉ አለ። የደቡቡ የናዳር ሴቶች ደረታቸውን ለመሸፈን እንኳ አሥርት ዓመታት ታግለዋል፤ የትራቫንኮር ንጉሥ የፈቀደው በ1859 ነው።

ናያሮቹ ደግሞ የራሳቸው ጉድ ነበራቸው። ውርስ በእናት ነው። ልጅ የሚወርሰው አጎቱን፣ የእናቱን ወንድም ነው። ሴቷ ባል ቤት አትሄድም፤ ባልየው ነው ማታ መጥቶ ጠዋት የሚሄደው። እዚህ ያላችሁ እህቶች ፈገግ ስትሉ አየሁ! ቆዩ፣ አትቸኩሉ። የናምቡድሪ የበኩር ልጅ ብቻ ነበር ከወገኑ የሚያገባው፤ ታናናሾቹ ከናያር ሴት ይወልዱና ልጃቸውን አባት ሆነው አይነኩም። አባት ልጁን ነክቶ መታጠብ! ቤቱም የሚያዘው በአጎትየው ነበር። ስለዚህ የሴቶች ገነት አድርገው የሚጽፉትን አልወድላቸውም። የቀረውን ሥርዓት ሕግ በ1970ዎቹ አጋማሽ ዘጋው።

ይህን ማን ገፋው? ከላይ የወረደ ምሕረት ነው? አይደለም። ከታች ነው የመጣው። ሁሌም ከታች።

ስሪ ናራያና ጉሩ ኢዝሃቫ ናቸው። በ1888 አሩቪፑራም በሚባል ቦታ ወንዝ ውስጥ ገብተው አንድ ድንጋይ አወጡ፣ የአምላካቸው የሺቫ ምስል ብለው ተከሉት። ይህ የካህናቱ ሥራ ነው! ማን ፈቀደልህ ሲሏቸው «እኔ የተከልኩት የኢዝሃቫ ሺቫ ነው» አሉ። በቃ፣ መልስ የለም። ሰውየው አይጮኹም። ቆይተው በአንድ መቅደስ ውስጥ በጣዖት ፈንታ መስታወት አቆሙ። ለመስገድ የገባው ራሱን ያያል።

ኢዝሃቫ ዘንባባ ይቀጥፋል አልኩ አይደል? አማቺ ጓሮ የሚመጣ አንድ ቀጣፊ ነበር። በእግሩ ገመድ ጠልፎ፣ ወገቡ ላይ ቢላውን ሰክቶ፣ ኮኮናቱ ላይ በአፍታ ይወጣል። ያልፈነዳውን አበባ በአጥንት ቀስ አድርጎ ይቀጠቅጠዋል፤ ጫፉን በስሱ ይቆርጠዋል፤ እንስራውን ከሥሩ ይሰቅላል። ጠብ ጠብ ይላል። ጠዋትና ማታ እንዲሁ። ጠዋት የወረደው ጣፋጭ ነው፤ ከሰዓት ይፈላና ያሰክራል። ልጁ ኢንጂነሪንግ ይማር ነበር። አባትየው እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ። ከአያቱ ዘመን ጋር ስታስተያዩት ግን ተአምር ነው።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። አያንካሊ። ይህን ስም ያዙልኝ። አያንካሊ።

በ1863 ቬንጋኑር የሚባል መንደር ተወለደ። ፑላያ ነው። ማንበብ መጻፍ አያውቅም፤ ማን አስተምሮት! ፑላያ በዋናው መንገድ መሄድ አይችልም ነበር። በ1893 ምን አደረገ መሰላችሁ? የበሬ ጋሪ ገዛ። ሁለት በሬ ጠመደ። ነጭ ልብስ ለበሰ፣ ጥምጥም ጠመጠመ፣ በሬዎቹ አንገት ላይ ቃጭል አሰረና በተከለከለው መንገድ መሐል ለመሐል ሄደ። ቃጭሉ እየጮኸ! መቼም ፀጥ ብሎ ለማለፍ አይደለም የወጣው። ደበደቧቸው፣ ተደባደቡም። መንገዱ ግን ቀስ በቀስ ተከፈተ።

ቀጥሎ ትምህርት ቤት ነው። መንግሥት «ይግቡ» የሚል ትእዛዝ አወጣ። ዳይሬክተሮቹ ግን በራቸውን ዘጉ። አያንካሊ ፓንቻሚ የምትባል ትንሽ ልጅ እጅ ይዞ ኡሩታምባላም ወደሚባል ትምህርት ቤት ሄደ፣ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ምን ሆነ? ባለ ርስቶቹ ትምህርት ቤቱን አቃጠሉት! እሷ ከምትማርበት ይቃጠል አሉ።

እሱስ ዝም አለ? «ልጆቻችን ካልተማሩ በማሳችሁ አረም ይበቅላል» አለና ሥራ አስቆመ። ፑላያው ሁሉ ከሩዝ ማሳ ወጣ። አስቡት፣ የዕለት ጉርስ የሌለው ሰው ነው ሥራ የሚያቆመው። ጥያቄው የደመወዝ አይደለም፤ የጥቁር ሰሌዳ ነው! ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸው ላይ እያሳፈሯቸው ከረሃብ አዳኗቸው። ባለ ርስቶቹ ራሳቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሞከሩት፤ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ተደራደሩ። አያንካሊ የሕዝብ ሸንጎ አባልም ሆኖ ተሾሟል። በ1937 ጋንዲ መንደሩ ድረስ ሲመጡ የለመናቸው ነገር ምን ነበር? ሳልሞት ከወገኖቼ አሥር ቢ.ኤ. ልይ፣ ነው ያለው። አሥር ዲግሪ!

በመሐሉ ቫይኮም አለ። በ1924 በቫይኮም ቤተ መቅደስ ዙሪያ ያለውን መንገድ ለመሄድ ብቻ፣ ልብ በሉ ለመግባት አይደለም፣ በአጠገቡ ለማለፍ ብቻ፣ ወደ ሃያ ወር የሚጠጋ ሰላማዊ ትግል ተደረገ። በየቀኑ ከተለያየ ጎሳ የመጡ ሰዎች ተያይዘው ወደ ክልከላው ሰሌዳ ይሄዳሉ፣ ይታሰራሉ። በጎርፍ ጊዜ ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ቤተ መቅደስ መግባት የተፈቀደው በኖቬምበር 1936 በትራቫንኮር ንጉሥ አዋጅ ነው።

አሁን ሁሉን ልግጠምላችሁ። የትራቫንኮር ንግሥት በ1817 የትምህርት ወጪ የመንግሥት ዕዳ ነው ብላ አውጃ ነበር። ሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቤተ ክርስቲያናት ከፈቱ። የጉሩ ተከታዮች ከፈቱ። ናያሮቹ ቀናን ብለው ከፈቱ። አያንካሊ ደግሞ በሩን ሰብሮ ገባ። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ከሌላው ላለማነስ የሚሽቀዳደመው በትምህርት ቤት ሆነ! ትምህርት ቤቱ በዛ፣ የተማረው በዛ፣ ሥራው ግን የለም። ፋብሪካ የለ፣ መሬት የለ። የተማረ ሰው ምን ያደርጋል? ይሰደዳል። ወደ ሲሎን፣ ወደ ማላያ፣ ወደ ኢትዮጵያ። ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ጎባ፣ ወደ መቀሌ!

ሚስተር ቶማስ የመጡት እንዲህ ነው።

ከዚያው መንገድ የወጣ ሌላ ሰው ልጥራላችሁ። ኬ. አር. ናራያናን። ኮታያም አጠገብ ከተናቀ ወገን ተወለደ። በየቀኑ በሩዝ ማሳ መሐል ወደ 15 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ተማረ። ክፍያ ሲያጣ ከደጅ ቆሞ ያዳምጥ ነበር ይባላል። በ1997 የህንድ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ታዲያ ንቀቱ ጠፋ? አማቺን አትርሱ ብዬ ነበር። አማቺ ለኔ እናት ነበሩ። ስታመም ገንፎ አብስለው፣ በማንኪያ ነው ያበሉኝ። ጓሮ የምትጠርግ አንዲት የፑላያ ሴት ነበረች፤ እሷም ክርስቲያን ናት፣ ስሟም ማርያም ነው። ሻይ ትጠጣለች፣ ግን በራሷ ብርጭቆ። ብርጭቆው ማድ ቤት አይገባም፤ ከጓሮ ደረጃው ጥግ ተደፍቶ ይቀመጣል። ራሷ አጥባ ራሷ ትደፋዋለች። አንድ ቀን ሳላውቅ በሱ ውሃ ቀድቼ ጠጣሁ። አማቺ ምንም አላሉኝም። ማርያም ግን ደነገጠች። ጥፋቱ የሷ የሆነ ይመስል ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሐዋርያው ቶማስ አስተማረን የሚሉት ቤት ውስጥ ነው ይህ የሆነው። ይህን ያነሳሁት አማቺን ለማማት አይደለም። እኛስ ቤት ስንት የተደፋ ብርጭቆ አለ? ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን ምን ስንለው ኖርን?

ወደ ሰሜን ስትሄዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ካኑር ውስጥ ቴያም የሚባል ሥርዓት አለ። ሌሊቱን ሙሉ ነው። ጨዋታውን የሚያደርገው ከተናቀው ወገን ያለ ሰው ነው። ምንጣፍ ላይ በጀርባው ይተኛል። ሌላው በኮኮናት ቅጠል አከርካሪ፣ በስንጥር ማለት ነው፣ ፊቱን ይስላል፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ የሩዝ ነጭ። ሰዓታት ይፈጃል። ዘውዱ ከታሰረ በኋላ ትንሽ መስታወት ይሰጡታል። ፊቱን ያያል። ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ሰው አይደለም፣ አምላክ ነው። ባለ ርስቱ መጥቶ ይሰግድለታል፣ ችግሩን ይነግረዋል፣ ይመረቃል። ፖታን የሚባለው ቴያም ደግሞ ከፍም ላይ እየተጋደመ ከበርቴውን ያፌዝበታል። አንተ ብትቆረጥ ደም፣ እኔ ብቆረጥ ደም፣ ታዲያ ልዩነታችን ምንድን ነው? ይለዋል። በማግስቱ ያንን ሰው ሻይ ቤት አየሁት። ቀለሙ ከጆሮው ሥር አልለቀቀም። ለሻዩ ሳንቲም እየቆጠረ ነበር።

ሦስተኛ። ሰብሳቢያችን ሰዓት እያሳዩኝ ነው፤ እፈጥናለሁ።

በ1957 ኬራላ ኮሚኒስቶችን በምርጫ ሥልጣን ላይ አወጣች። መሪው ኢ.ኤም.ኤስ. ናምቡድሪፓድ ከካህናቱ ወገን የተወለደ ነው። ጉድ እኮ ነው! የመሬት አዋጅ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት አወረዳቸው፤ አዋጁ ግን ተንገዳግዶ በ1970 ተፈጸመ። ጭሰኛ ባለ መሬት ሆነ። እዚህ አዳራሽ «መሬት ላራሹ» ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ግን ማን ቀረ? የተራራው ሰዎች። አዲቫሲ ይባላሉ። ከመቶ 1.5 አይሞሉም። ዋያናድ ውስጥ ፓኒያዎች አሉ። ድሮ በቫሊዩርካቩ ቤተ መቅደስ በዓል ላይ ባለ ርስቱ ገንዘብ ያስይዛቸውና ዓመቱን ሙሉ ያስራቸው ነበር፤ በአማልክት ፊት ስለሆነ አይጠፉም። ኩሪችያዎች አሉ፤ ቀስተኞች ናቸው፣ ፓዛሲ ራጃ ከሚባለው መስፍን ጋር ሆነው እንግሊዝን ተዋግተዋል። ጭሰኛ መሬት ሲያገኝ እነሱ በወረቀት ጭሰኛም ባለ ርስትም ስላልነበሩ አዋጁ አላያቸውም። በ2003 ሲ. ኬ. ጃኑ የምትባል አዲቫሲ ሴት ሕዝቧን ይዛ ሙታንጋ ደን ውስጥ ሰፈረች። ፖሊስ ተኮሰ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። የመሬቱ ጥያቄ ዛሬም እንደተከፈተ ነው።

ዓሣ አጥማጆቹም ከአዋጁ ቀርተዋል፤ ባሕር አይከፋፈልማ። በትምህርትም ወደ ኋላ የቀሩ ናቸው። በኦገስት 2018 ጎርፉ ሲመጣ ግን፣ ከ400 ሰው በላይ በሞተበት ጎርፍ፣ ማንም ሳይጠራቸው ጀልባቸውን በጭነት መኪና ጭነው ወደ መሐል አገር ገቡ። አንዱ ውሃ ውስጥ በአራት እግሩ ተንበርክኮ ሴቶቹ ጀርባውን ረግጠው ጀልባ ሲወጡ በቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ማን በስንት እርምጃ ይራቅ የሚል አልነበረም።

ሌላው የገልፉ ነገር ነው። ከ1970ዎቹ ነዳጅ ወዲህ ማላያሊው ወደ ዱባይ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት ፈለሰ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ውጭ አለ፤ አብዛኛው እዚያ ነው። እዚያ ያሉ እህቶቻችን የሻይ ቅጠል የሚገዙበትን ሱቅ ጠይቋቸው፤ ባለ ሱቁ ማላያሊ ነው። የታመሙ ቀን የምታክማቸው ነርስም ብዙ ጊዜ ማላያሊ ናት። ልዩነታችን ምን መሰላችሁ? የኬራላ መንግሥት በ1996 ለውጭ ነዋሪዎቹ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ሰው ሲሞት አስከሬን የሚያመጣ፣ ሲከዳ የሚከታተል። ፍጹም ነው አልልም፣ ቅሬታው ብዙ ነው። ግን የሚያማርሩበት በር አላቸው። የኛዋ ልጅ ቤሩት ላይ ደጅ ስትጣል የምታንኳኳው በር የትኛው ነው?

እነሱ ወደ ገልፍ ሲሄዱ የእነሱን ማሳና ሕንፃ ማን ሠራ? ከቤንጋል፣ ከአሳም፣ ከኦዲሻ የመጡ ወጣቶች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተመልሼ ስሄድ ፔሩምባቩር የምትባለው የእንጨት ፋብሪካ ከተማ ገበያዋ በቤንጋልኛ ተሞልቷል። መንግሥት «እንግዳ ሠራተኞች» ይላቸዋል፣ ማላያላም የሚያስተምርም መርሃ ግብር ከፍቶላቸዋል። አከራዮች ግን አሥሩን በአንድ ክፍል ያጉራሉ። ባጃጁ ሹፌር «ሌባው በዛ፣ እነሱ ከመጡ ወዲህ» አለኝ። ወንድምህ የት ነው የሚሠራው? አልኩት። «ሻርጃ» አለ። ምን ይሉት ይሆን እዚያ? አልኩት። በመስታወቱ አየኝና ሳቀ። «አንተ አስተማሪ ነህ እንዴ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ልቁም። ሰብሳቢያችን ሁለተኛ ወረቀት ልከውልኛል። ማይክራፎኑን ለጥያቄ አዙሩት፤ ከወጣቶቹ እንጀምር።